ቤት በክረምት ነው የሚታየው፤ የባሕር ዳር የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

ባሕር ዳር የመጣሁት ለታላቅ ወንድሜ ቤት ለማየት ነው። እሱ ኑሮው አሜሪካ ነው። ከተማዋን የሚያውቃት ፖሊ ቴክኒክ ሲማር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከልቡ አልወጣችም። "ስመለስ የምገባው እዚያ ነው" ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ዘንድሮ ገንዘቡ ሞላለት መሰለኝ፣ "ሂድና በዓይንህ እይልኝ" አለኝ። ቤቱን በመጀመሪያ የምትኖርበት እናታችን ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት ምድር ቤት ይሁን ብሏል።

በመኪና ብመጣ ደስ ባለኝ። የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስ ምሳ በልቶ መግባት እወዳለሁ። በዚህ ጊዜ ግን መንገዱ አያስተማምንም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ እሱን መረጥኩ።

በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ የተቀበለችኝ የሪል እስቴቱ የሽያጭ ዳይሬክተር ራሷ ናት። ስሟንም የድርጅቷንም ስም እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ረጋ ብላ የምታወራ ሴት ናት። ቢሮ ውስጥ "ዳይሬክተሯ" ይሏታል። ሠፈር ውስጥ ግን "እታለም" ናት። እኔም እታለም ማለቱን ያዝኩ።

ሰላምታውን ሳንጨርስ "የእግርህ ቁጥር ስንት ነው?" አለችኝ። መኪናዋ ኋላ የፕላስቲክ ቦት ተደርድሯል። ደንበኛ ሁሉ እሱን አድርጎ ነው ሳይት የሚገባው።

"ወንድሜ ለጥምቀት ላስጎብኘው ሲልሽ ለምን በሐምሌ ይሁን አልሽው?" አልኳት።

"በጥር ሁሉም መሬት ያምራል" አለች። "ውሃ የት እንደሚተኛ፣ በየት እንደሚያልፍ የሚታየው አሁን ነው። ቤት በክረምት ነው የሚታየው።"

ይህን ከሽያጭ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከዚህ በፊት ያነጋገርኳቸው ሁሉ የኮምፒውተር ሥዕል ነበር ያሳዩኝ። ሥዕሉ ያምራል፤ ሕንፃው የሚቆምበትን አፈር ግን አያሳይም።

ወደ ከተማ ስንገባ ዝናቡ ጀመረ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም መሬቷ ሜዳ ነው። ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲህ የተመቸ ከተማ የለንም። ለዝናብ ውሃ ግን ሜዳ መሆን ጥሩ አይደለም፤ ውሃው ቁልቁል የሚሄድበት የለውም። ዘንባባዎቹ ሥር ያሉት ቦዮች በደቂቃዎች ውስጥ ሞሉ። ባጃጆቹ እየቀዘፉ ማለፍ ጀመሩ። እታለም መኪናዋን አቁማ ስልኳን አወጣችና ውሃው የገነፈለበትን ማዕዘን ፎቶ አነሳች። በየክረምቱ እንዲህ ታነሳለች። ደንበኛ ስለ አንድ ሠፈር ሲጠይቃት የምታሳየው ይህንን ነው።

ማታ የአሳ ጥብስ በልቼ ተኛሁ።

ዓርብ

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ቦት ጫማችንን አድርገን በአዲሱ የአባይ ድልድይ ተሻገርን። ድልድዩ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ሥራ የጀመረው በግንቦት 2016 ነው። አባይ እዚህ ላይ ገና ከጣና መውጣቱ ነው። በክረምት ደፍርሶ፣ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ድልድዩ ከተከፈተ ወዲህ አባይ ማዶ ያለው የቤት ፍላጎት ጨምሯል አለችኝ እታለም። መንገድ ሲደርስ ቤት ፈላጊ ይከተላል፤ ደላላም ይከተላል።

ሳይቱ ላይ መጀመሪያ ያሳየችኝ ሕንፃውን አይደለም፤ ጉድጓዱን ነው። ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ያለ ብሎክ አለ። የላይኛው አፈር ጥቁር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ ዝም ብሎ የተሠራ ቤት ግድግዳው ከጥቂት ዓመት በኋላ በማዕዘኑ በኩል ይከፈታል። መፍትሔው ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ ሰሌክት የሚባለውን የተመረጠ የመሙያ አፈር ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ መሠረቱንም ጠንካራው አፈር ላይ ማሳረፍ ነው። ይህ ሁሉ ከመሬት በታች ስለሚቀር ገዢው አያየውም። እሷ ግን ታሳያለች። የሳይት መሐንዲሱን ጠርታ "ጥያቄ ካለህ እሱን ጠይቅ፣ እኔ ሻጭ ነኝ" አለችኝ። ጠየቅሁት። አፈሩ እስከ ምን ድረስ እንደወጣ በሜትር ለክቶ አሳየኝ።

ከዚያ ወንድሜ የመረጠው ብሎክ ጋ ሄድን። ከፊት ለፊት፣ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ከላይኛው ፎቅ ሲያዩ ጣና በሩቁ ይታያል። ምድር ቤቱ በር ላይ ደርሰን ቆምን። መግቢያው ከመንገዱ ትንሽ ዝቅ ይላል። የሌሊቱ ዝናብ ደረጃው ሥር ተኝቷል። የመንገዱ ቦይ ገና አልተሠራም።

"ይሄን ለእናትህ አልሸጥም" አለች። "ቦዩ ሲያልቅ ያኔ እንነጋገራለን።"

ኋላ ወዳለው ብሎክ ወሰደችኝ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ዙሪያውን ረገጥኩት፤ ውሃ አልያዘም። ሀይቅ ግን አይታይም። ዋጋውም ያንሳል፤ ኮሚሽኗም ያንሳል ማለት ነው። እንደዋዛ ነው የነገረችኝ። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ኑሮዋ በኮሚሽን የሆነ ሰው ያነሰውን ቤት ግዛ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

የጾም ሽሮ እየበላን እንዴት ወደዚህ ሥራ እንደገባች ጠየቅኋት። መምህር ነበረች። መምህራን ተሰባስበው የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያቋቁሙ ጸሐፊ አድርገው መረጧት። ባሕር ዳር ላይ ብዙ ሰው ቤት ያገኘው በማኅበር ነው። አባላቱ በዝግ ሂሳብ ይቆጥባሉ፣ መሬት ይጠይቃሉ፣ ዕጣ ይወጣል፣ ከዚያ በአቅም ይሠራል። ቃለ ጉባኤ የያዘችው፣ ማዘጋጃ ቤት የተመላለሰችው፣ አባላት ሲጣሉ ያስታረቀችው እሷ ናት። "ከብሎኬት በፊት ወረቀት እንደሚቀድም የተማርኩት ያኔ ነው" አለችኝ። ከዚያ አንድ ሪል እስቴት የሽያጭ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራት። የሰው እምነት እንዳላት አይተው ነው የወሰዷት። የሽያጭ ቡድን መሪ ሆነች፣ ድርጅት ቀየረች፣ ዳይሬክተር ሆነች። መካከሉን ዘለለችው። እኔም አልገፋኋትም።

ቅዳሜ

ዛሬ ሽያጭ የለም። ቅዳሜ ጠዋት የሽያጭ ቡድኑ ሽምብጥ አካባቢ የአንዲት አዛውንት ቤት ጣሪያ ሊቀይር ተሰብስቧል። በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ በየከተማው የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፎቶ ተነስቶ፣ ሁለት ቆርቆሮ ተመትቶ ይበተናል። የእታለም አሠራር ከዚያ ይለያል፤ በደንብ ልጽፈው እፈልጋለሁ።

ገንዘቡ የሚመጣው ከኮሚሽን ነው። ቡድኑ ውስጥ ያለ ሁሉ ውል በፈረመ ቁጥር ያዋጣል። እንደ ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው። የሚታደሰውን ቤት የሚመርጡት ግን እነሱ አይደሉም፤ የሠፈሩ እድር ነው። ማን እንደተቸገረ የሚያውቀው እድር ነው ትላለች።

ቀጥሎ ወረቀት ይታያል። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ያለ ቀበሌው ፈቃድ አይነካም። የግል ከሆነ ይዞታው በማን ስም እንደሆነ ይጣራል። አንዴ ያደሱት ቤት ላይ ወራሾች ተነስተው አዛውንቱን ለማስወጣት ሞከሩ። ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ሲለብስ ዓይን ገባበት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ሰነዱን ሳያዩ ሚስማር አይመቱም።

የዛሬዋ እማማ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቤታቸው የጭቃ ነው፣ ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ። ቆርቆሮው ዝጎ ተበሳስቷል። አልጋቸው ራሱ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ተነስተው ቁጭ ይላሉ።

"አንቱ ዛሬ ምንም እንዳይነኩ፤ እዚያ ጎረቤት ቁጭ ብለው ቡና ይጠጡ" አለቻቸው እታለም።

"እንዴት ቁጭ እላለሁ ልጄ፣ ቤቴ ፈርሶ?" አሉ። ደግሞም አልተቀመጡም። አሮጌውን ሚስማር ከመሬት እየለቀሙ በጣሳ ሲያጠራቅሙ ዋሉ።

የዝናቡን ሰዓት አስልተው ነው የሚሠሩት። ጠዋት አሮጌው ይወርዳል፣ የበሰበሰው ወራጅ ይቀየራል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይመጣ ቆርቆሮው ይመታል። ባለ 32 ጌጅ ይረክሳል፤ እሷ ባለ 28 ታስገዛለች። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል። "እሳቸው ሌላ ጊዜ ይህን የሚያደርግላቸው ሰው ላያገኙ ይችላሉ፣ ስለዚህ አንዴ ይሠራና ይቆይ" አለች። ግድግዳውን ግን አልነኩትም። በክረምት የተመረገ ጭቃ አይደርቅም፤ ይሻግታል፣ ይረግፋል። ግድግዳው ኅዳር ላይ፣ ጭዱ ሲገኝ ነው የሚለሰነው። ለዛሬ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፈሩ። እኔም ቆፈርኩ። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ የግድግዳውን ሥር እንዳይበላው ነው።

ከልጆቹ ጋር እየቆፈርን አወራን። አንዱ ገና ሥራ ከጀመረ አንድ ዓመት አልሞላውም። ሽያጭ የተማርኩት እዚህ ነው አለኝ። ቤት ለሰው ምን እንደሆነ ያላየ ልጅ ስለ ካሬ ብቻ ያወራል። እታለምም ለዚህ ነው አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ስልክ ከመያዙ በፊት አንድ ጣሪያ ላይ እንዲወጣ የምታደርገው።

ዝናቡ የመጣው የመጨረሻው ቆርቆሮ ተመትቶ፣ ክዳኑ ሲስተካከል ነው። ሁላችንም ገብተን ቆምን። አልፈሰሰም። እማማ እያንዳንዳችንን ግንባር ስመው መረቁን።

እሁድ

ጠዋት ጊዮርጊስ አስቀድሰን ወደ አንድ እድር ሄድን። አባላቱ ወርሃዊ ስብሰባቸውን ሲጨርሱ ለእታለም ጊዜ ሰጧት። የመጣችው ቤት ልትሸጥ አይደለም። ይህንን መጀመሪያ ተናገረች፤ የድርጅቷን ካርድ እንኳ አላደለችም። የመጣችው ቤት ስለመግዛት ልታስተምር ነው።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ እንደዚያ ይላል ብላ ጀመረች። ገዢው የሚያገኘው ቤቱንና የመሬቱን የመጠቀም መብት ነው። በሊዝ አዋጁ የመኖሪያ ቤት ሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው። ስለዚህ ሊዙ ከመቼ ጀምሮ እንደተቆጠረ፣ ውዝፍ የሊዝ ክፍያ እንዳለበት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የግንባታ ፈቃዱ ስንት ፎቅ እንደሚል ይታይ አለች። ካርታው ባንክ ተይዞ እንደሆነ፣ የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት መሬት አስተዳደር ሄዶ ማጣራት ይቻላል። ሰዎቹ ይጽፋሉ። ደብተር ያልያዙት የእድሩ መዋጮ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይጽፋሉ።

አንድ ጡረተኛ ተነሱ። ስሙን የማልጽፈው ድርጅት ቤት ሸጦላቸው ዓመታት አልፈዋል። ቅድመ ክፍያ ከፍለዋል፣ ሁለተኛውንም ከፍለዋል፣ የተሠራው መሠረት ብቻ ነው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "የልጆቼን ነው የከፈልኩት" አሉ።

እታለም ዝም ብላ አዳመጠቻቸው። ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው እንዲህ አለች፦ "ለእሳቸው ያን ቤት የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ።"

ዓርብ ዕለት የዘለለችው ይህንን ነው። ያኔ ድርጅቱ በዓመት ከመንፈቅ እናስረክባለን ሲላት አምና ሸጠች። ግንባታው ሲቆም ገዢዎቹ የሚያውቁት የእሷን ፊት ነበር። ቤቷ ድረስ መጡ። ሥራውን ለቀቀች፤ ሰዎቹን ግን አልለቀቀችም። ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ አገዘቻቸው፣ ውላቸውን አሰባሰበች፣ ጠበቃ ፈለገች፣ ምስክር ሆና ቆመች። ገሚሶቹ ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል። ጡረተኛው ገና ናቸው። በየእድሩ የምትዞረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጡረተኛውም አብረዋት ይዞራሉ። ዛሬ የተናገሩት ለክስ ሳይሆን ሌላው እንዲማርበት ነው፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

እኔ በዚህ ሙያ ላይ የነበረኝ ግምት የተለወጠው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ያልተሠራ ቤት የሚሸጥ ሰው የሌላውን ቃል በራሱ ስም ነው የሚሸጠው። ቃሉ ሲታጠፍ ብዙዎች ስልክ ይቀይራሉ። እሷ አልቀየረችም።

አመሻሽ ላይ ወደ ሀይቁ ዳር ወረድን። የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ ያስራሉ። ደንገሉን፣ የሀይቁን ረጅም ቄጠማ፣ አጭደው፣ አድርቀው፣ ጠፍረው የሚሠሩት ጀልባ ነው። ደንገሉ ግን እየራቀ ነው። ዳርቻው በእርሻና በግንባታ ተገፍቷል፤ ከ2004 ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ መጥቷል። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እታለም ሀይቁ ዳር ድረስ የሚገባ ፕሮጀክት በድርጅቷ ሲታሰብ አልሸጥም ብላ ተከራክራለች። ምክንያቷ ሁለት ነው። ደንገሉ ውሃውን ያጣራል፣ ዓሣውም የሚራባው እዚያ ነው። የእነዚህም ሰዎች እንጀራ ነው። ፕሮጀክቱ ቀርቷል። በእሷ ምክንያት ብቻ ነው አላለችም፤ ግን ቀርቷል።

ሰኞ

ጠዋት መሬት አስተዳደር ቢሮ ነበርን። ወረፋው ረጅም ነው። የኋላኛው ብሎክ ይዞታ ከእገዳና ከመያዣ ነፃ መሆኑን አረጋገጥን። የግንባታ ፈቃዱ ላይ ያለው የፎቅ ብዛትና ሳይቱ ላይ የቆመው አንድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ተቀምጠን ውሉን አነበብን። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ ድምፅ እያሰማን። የምትሸጠው ቤት ውል ተነቦ ሳያልቅ ፊርማ አትቀበልም። ሁለት ቦታ ላይ ቆየን። አንዱ የዋጋ ማስተካከያ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብረትና የፊኒሺንግ ዕቃ ዋጋ ናረ። ብዙ ገዢ ያልጠበቀው ተጨማሪ ክፍያ መጣበት። በዚህ ውል ላይ ማስተካከያው ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ድርጅቱ ይሸከማል። ሌላው የመዘግየት ቅጣት ነው። ገዢ ሲዘገይ ይቀጣል፤ ሻጭ ሲዘገይም ይቀጣል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ከአለቆቿ ጋር ወራት ተከራክራለች። ክፍያውም በቀን ሳይሆን በሥራ ደረጃ ነው፦ መሠረት ሲያልቅ፣ ስትራክቸሩ (ዓምዱና ወለሉ) ሲያልቅ፣ እያለ ይሄዳል።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ይደነግጋል። ስለዚህ ወንድሜ ከፈለገ ውክልናውን ኤምባሲ ሠርቶ ይልካል፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ እኔ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቤ እፈርማለሁ። ቅድመ ክፍያ ከዚያ በፊት እንዳትልኩ አለችኝ።

ማክሰኞ

በረራው ጠዋት ነው። ከመነሳቴ በፊት ወንድሜ ደወለ። ፎቶዎቹን ሁሉ አይቷል፤ ደረጃው ሥር የተኛውን ውሃም አይቷል። የሀይቁ ነገር ግን ከበደው። ከኋላኛው ብሎክ ጣና አይታይም አልኩት፤ በባጃጅ ግን ቅርብ ነው። ትንሽ ዝም አለና "እማዬ ትወስን" አለ።

እናቴ የፍልሰታ ጾም ሳያልቅ አልንቀሳቀስም ብላለች። ቀጠሮው ለነሐሴ መጨረሻ ሆኗል፣ ዝናቡ ሳይወጣ። እሷ የኋላኛውን ቤት ገብታ ካየችና ከወደደችው ወንድሜ ውክልናውን ይልካል።